ድንኳኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትተክሉት ሳነቴ ላይ መሆን የለበትም

ጥያቄ፦ «አምስት ጓደኛሞች ነን። ከጥምቀት በኋላ ባሌ ተራሮች ሄደን፣ ከድንሾ ተነስተን አራት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልናድር አስበናል። ሁለት አዲስ ድንኳን ገዝተናል። 3000 ሚሊሜትር፣ ውሃ አያስገባም ይላል። ስሊፒንግ ባጎቹን የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ አምጥቶልናል፤ ከዜሮ በታች እስከ 10 ዲግሪ ይላሉ። የኔ የተራራ ጫማ ከሰባት ዓመት በፊት የተገዛ ነው፤ ግን ሁለቴ ብቻ ስላደረግኩት እንደ አዲስ ነው። አንዱ ጓደኛችን ጉዞው ሳይደርስ ሁሉንም አውጥተን አንድ ሌሊት እንሞክር ይላል። እኛ ደግሞ አዲስ ዕቃ ከነማሸጊያው ቢሄድ ይሻላል፣ እዚያው እንለምደዋለን ባዮች ነን። ማን ነው ትክክል?»

ምላሽ፦

ትክክሉ ጓደኛችሁ ነው። እንዲያውም አንድ ሌሊት ትንሹ ነው።

«ከነማሸጊያው ይሂድ» ከሚለው ልጀምር። ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ከእናንተ በፊት ቆጥሮ ያረጋገጠላችሁ ሰው የለም። ፋብሪካም ይሳሳታል። ዕቃ ማከራየትና መጠገን ሥራዬ ነው፤ አንድ ዘንግ የጎደለው፣ የሌላ ሞዴል ዘንግ የገባበት፣ ካስማው ከግማሽ በታች የሆነ አዲስ ድንኳን በእጄ ከፍቻለሁ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ደውላችሁ ታስቀይራላችሁ። ድንሾ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከድንሾ አንድ ቀን በእግር ከወጣችሁ ደግሞ ሱቅ ቀርቶ ኔትወርክም አስተማማኝ አይደለም።

«እዚያው እንለምደዋለን» የሚለውም አያዋጣም። እዚያ የምትደርሱት ደክማችሁ ነው። ከፍታው ራስ ያሳምማል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ግማሽ ሰዓት አይቆይም፤ ቅዝቃዜው ወዲያው ይወርዳል። ጣት ደንዝዞ፣ ነፋስ ሸራውን እየነጠቀ፣ መመሪያ ወረቀት በባትሪ ብርሃን እያነበቡ መማር አይቻልም። የሚቻለው ቀድሞ የተማሩትን መድገም ብቻ ነው።

ከጥያቄያችሁ እንደተረዳሁት አብዛኛው ስጋታችሁ ዝናብ ነው። ጥር ግን ባሌ ላይ የበጋ ወር ነው። አልፎ አልፎ ሊዘንብ ይችላል፤ ዋናው ጠላታችሁ ግን ብርዱ ነው። በባሌ ተራሮች አናት ላይ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። አየሩ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባን በ2,400 ሜትር ያዙት። በታኅሣሥ ሌሊት እዚህ 6 ዲግሪ ሲሆን ሳነቴ ላይ በዚሁ ስሌት ከዜሮ በታች 4 ይሆናል ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት፣ መሬቱ አጠገብ፣ ከዚያም ይወርዳል። ጠዋት ስትነሱ ከድንኳን ውጭ ያሳደራችሁት የሃይላንድ ውሃ በረዶ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ፈተናችሁን ከዝናቡ ይልቅ በብርዱ ዙሪያ አድርጉት።

እዚህ ላይ ነው ስሊፒንግ ባጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው የሚያሳስተው። «ከዜሮ በታች 10» ማለት «በዚያ ብርድ ተመችቶህ ትተኛለህ» ማለት አይደለም። በትክክል የተለካ ስሊፒንግ ባግ ሦስት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው የምቾት ልክ ነው፤ አንዲት ሴት ዘና ብላ ተኝታ ሳይበርዳት የምታድርበት ማለት ነው። ሁለተኛው የእንቅልፍ ገደብ ነው፤ አንድ ወንድ እግሩን አጥፎ፣ ተኮራምቶ የሚያድርበት። ሦስተኛው የአደጋ ቁጥር ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ጥያቄው ሌሊቱን በሕይወት ማለፍ እንጂ መተኛት አይደለም። መለኪያው እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኢኤን 13537 የሚባል የአውሮፓ ደረጃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አይኤስኦ 23537 ተክቶታል። ርካሽ ስሊፒንግ ባጎች ላይ በትልቁ የሚታተመው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ቁጥር ነው። ጭራሽ ሳይለካ የተጻፈም አለ።

እናንተም አሁኑኑ የውስጥ መለያውን ገልጣችሁ እዩ። ሦስት ቁጥር ካለ፣ የምትይዙት የመጀመሪያውን ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ካለና የየትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ፣ እኔ እንደ ልማዴ አሥር ዲግሪ ያህል እቀንስበታለሁ። ይህ የሥራ ልምድ እንጂ ሕግ አይደለም። እስካሁን ግን አላሳፈረኝም። በዚህ ስሌት የናንተ «ከዜሮ በታች 10» ስሊፒንግ ባግ ዜሮ ላይ ደህና ነው። ለሳነቴ ግን ይቸገራል።

ሌላም አለ። ያ ቁጥር የተለካው አሻንጉሊት ሰው ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣ የውስጥ ልብስ ለብሶ ነው። ጥያቄያችሁ ውስጥ ስለምትተኙበት ምንጣፍ አንዲት ቃል የለም። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ስትተኙበት ከጀርባችሁ ሥር ያለው ላባ ወይም ሰው ሠራሽ ሙሌት ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጀርባችሁን ከመሬቱ የሚለየው ምንጣፉ ብቻ ነው። መሬቱ ደግሞ ሙቀት ሲመጥ ያድራል።

አንድ ጊዜ ሳነቴ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ድንኳኔን መታ። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ መናገር አቅቶታል። ስሊፒንግ ባጉን አየሁት። ከኔ የተሻለ ነበር። ከሥሩ ያነጠፈው ግን ለቤት ውስጥ ስፖርት የሚሆን ስስ ምንጣፍ ነው። በእጄ ስዳስሰው እንደ ሲሚንቶ ወለል ይበርዳል። ዕቃችንን የጫኑት ባለ ፈረስ ተነስተው ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ወፍራም ጨርቅ ሁለት እጥፍ አድርገው ሰጡን። የሁላችንንም ቦርሳ ባዶ አድርገን ከጨርቁ ላይ፣ ከልጁ ሥር አነጠፍን። ልጁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ተኛ። ከላይ አንድም ነገር አልጨመርንለትም።

ምንጣፍ ስትገዙ ወይም ስትከራዩ አር-ቫሉ የሚባል ቁጥር አለ፤ ቅዝቃዜን የመከላከል አቅሙ ነው። ተራ ስፖንጅ ምንጣፍ 2 አካባቢ ነው። ለሳነቴ ጥር 4 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ ሁለት ስፖንጅ ምንጣፍ መደራረብ ይቻላል። አየር የሚነፋ ከሆነ ግን ነፍታችሁ፣ ክብደት ጭናችሁ፣ አሳድራችሁ ጠዋት እዩት። በአንዲት የመርፌ ቀዳዳ ሌሊት 9 ሰዓት መሬት ላይ ትወርዳላችሁ፤ ቀዳዳዋን የምታገኙት ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ገንዳ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አረፋ ስታዩ ነው።

ገንዘብ ካጠረ የአገራችን ዕቃ ይሠራል። የመንዝ ባና ወይም በርኖስ ከሥር ሲነጠፍ ጥሩ ነው፤ የበግ ፀጉር ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይተውም። ጋቢ ሲደርቅ ግሩም ነው፤ ጥጥ ስለሆነ እርጥበት ከነካው ግን ሸክም ብቻ ይሆናል። ጋቢን ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ጠቅጥቆ ማስገባትም ሙቀት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ አየሩን ያባርረዋል። ከላይ ጣል አድርጉት።

ድንኳኑ ላይ ያለው 3000 ሚሊሜትር እውነት ሊሆን ይችላል። የሚለው ግን ስለ ጨርቁ ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆምበት እስከዚያ ድረስ ይችላል ማለት ነው። ለዝናብ ከበቂ በላይ ነው። ድንኳን የሚያፈሰው ግን ብዙ ጊዜ በስፌቱ፣ በዚፑና በማዕዘኖቹ ነው። ስፌቱን ከውስጥ በኩል እዩት። የተለጠፈበት ስስ ቴፕ አለ? ሳይላቀቅ ዳር እስከ ዳር ይሄዳል? ከሌለ ወይም ከተላቀቀ የስፌት ማሸጊያ ማስቲሽ መቀባት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሲሊከን የተቀባ ጨርቅ ሲሊከን ማሸጊያ ብቻ ነው የሚይዝለት። ፖሊዩሪቴን ለተቀባው ደግሞ የራሱ አለ። ከተሳሳታችሁ በማግሥቱ ተላጦ ይነሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የድንኳኑን መለያ አንብቡ።

የውሃ ፈተናው ቀላል ነው። ድንኳኑን ወጥራችሁ ትከሉ። በየስፌቱ ሥርና በየማዕዘኑ ነጭ ሶፍት አንጥፉ። በጎማ ከላይ እንደ ዝናብ ሃያ ደቂቃ አርከፍክፉ፤ በኃይል አትርጩ። ከዚያ ገብታችሁ የረጠበውን ሶፍት ፈልጉ፤ ቦታውን በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉበት። በዓይን የማይታይ ጠብታ ሶፍት ላይ ይታያል። ስትጨርሱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትጠቅልሉት፤ ይሻግታል። ሽታው ደግሞ ለዓመታት አይለቅም።

አንድ ነገር ግን እንዳያደናግራችሁ። በጥር ሌሊት ድንኳኑ ውስጥ ውሃ ብታገኙ የመጀመሪያ ጥርጣሬያችሁ ማፍሰስ መሆን የለበትም። ትንፋሻችሁ ነው። የሁለት ሦስት ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ይጤዛል። ሳነቴ ላይ ያ ጤዛ ይበርዳል፤ ጠዋት ዚፑን ስትከፍቱ ነጭ ብናኝ ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይረግፋል። ብርድ ፈርታችሁ የአየር መግቢያውን ብትዘጉት ይብሳል፤ ስሊፒንግ ባጉ ይረጥባል፣ ሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው ይከፋል። መግቢያው ክፍት ይደር። ይህንን ከእኔ ከምትሰሙት አንድ ሌሊት ዘግታችሁ፣ አንድ ሌሊት ከፍታችሁ ብታዩት ይሻላል።

ካስማዎቹንም ፈትኗቸው። ከድንኳን ጋር የሚመጡት ብዙዎቹ ስስ ሽቦ ናቸው። ባሌ ላይ አንዳንዱ ቦታ ለምለም ሣር ነው፤ አንዳንዱ ድንጋይ ነው። ሽቦው ድንጋይ ሲነካ ይጣመማል። አምስት ስድስት ጠንካራ ካስማና አሥር ሜትር ተጨማሪ ገመድ ያዙ። ካስማ በማይገባበት ቦታ ገመዱን ድንጋይ ላይ ማሰር ይቻላል፤ ቋጠሮውን ግን ቤት ተለማመዱ።

አሁን ወደ ጫማው። በጥያቄያችሁ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የምፈራው ይህን ነው፤ እናንተ ግን የተማመናችሁበት እሱን ይመስላል። «ሁለቴ ብቻ ስላደረግኩት እንደ አዲስ ነው» የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። ብዙ የተራራ ጫማ በውጭኛው ሶልና በላይኛው ቆዳ መካከል ፖሊዩሪቴን የሚባል ለስላሳ ስፖንጅ አለው። ይህ ስፖንጅ በመረገጥ ብቻ አይደለም የሚያረጀው። በአየር ውስጥ ካለ እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ሣጥን ውስጥ መቀመጡ አያድነውም። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከላይ ምንም ሳይታይበት፣ ውስጡ ያልቃል።

አንዲት ተጓዥ እንዲህ ዓይነት ጫማ አድርጋ መጣች። ቆዳው ያብረቀርቃል፤ ክሩ እንኳ አልቆሸሸም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የቀኙ ሶል ከፊት በኩል እንደ አፍ ተከፈተ። ጎንበስ ብዬ ስነካው የስፖንጁ ክፍል እንደ ደረቀ ዳቦ በጣቴ መካከል ፈረሰ። በድንኳን ገመድ አሰርነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ የግራውም ተከተለ። ጉዞዋ እዚያ አበቃ፤ በፈረስ ተጭና ወረደች። ቆንጆ ጫማዋን ሳትጠራጠር ስለመጣች ትርፍ ጫማ አልያዘችም ነበር።

እንግዲህ የናንተን ጫማ እንዲህ እዩት። የሶሉን ጎን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ። ከተሰነጠቀ፣ ከተላጠ ወይም ዱቄት ካወጣ አበቃ። ካለፈ፣ ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ አጥፉት፤ ቆዳውና ሶሉ ሲገናኙ ያለው መስመር ከተከፈተ አበቃ። ሁለቱንም ካለፈ እንኳ ሸክም ተሸክማችሁ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ሂዱበት። ሰፊ ጋ ወስዶ ማስቲሽ ማስቀባት አይጠቅምም፤ የተላቀቀው ሙጫው አይደለም፣ ስፖንጁ ራሱ ነው የሞተው። ቆዳው ጥሩ ከሆነ ሙሉ ሶል ማስቀየር ይቻላል። አለበለዚያ ሌላ ጫማ ፈልጉ።

አዲስ ጫማ የምትገዙ ከሆነ ወደ ማታ ግዙ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ያብጣል። የምትሄዱበትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ከዚያ ፈተናው ቁልቁለት ነው። እንጦጦን በእግር ውጡና ውረዱ። ዳገቱ ላይ ተረከዛችሁ የሚነሳ ከሆነ ይቆስላል። ቁልቁለቱ ላይ አውራ ጣታችሁ ጫፉን የሚመታ ከሆነ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። ጫማ አለመደም ተብሎ የሚታለፈው የመጀመሪያ ሳምንት ጥንካሬ ነው። ጣት የሚመታ ጫማ ግን አይለምድም፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ቦርሳው ብዙ አያስቸግርም። የምትይዙትን ክብደት ያህል ሃይላንድ ሞልታችሁ ጫኑበት፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም። ሲከብድ ደፍታችሁ መቀነስም ይቻላል። ክብደቱ ዳሌ ላይ ማረፍ አለበት እንጂ ትከሻ ላይ አይደለም። ባሌ ላይ ዕቃ በፈረስ ስለሚጫን ብዙ ሰው ይህን ፈተና ይዘለዋል። ፈረሶቹ ግን ሌላ መንገድ ሊሄዱ፣ ሊቀድሙ ወይም ሊዘገዩ ይችላሉ። የዝናብ ልብስ፣ አንድ ወፍራም ሹራብ፣ ውሃ፣ ባትሪና መድኃኒት ሁልጊዜ በጀርባችሁ ይሁን። ለፈረስ የሚሰጠውን ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት፤ ገመዱና ቁጥቋጦው ስስ የቦርሳ ጨርቅ ይበላል።

ስለ ምግብ ማብሰያ አልጠየቃችሁም። ግን አራት ሌሊት ነው። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሳነቴ ላይ በ87 አካባቢ ነው። ምስር ወይም ሩዝ እቤት ከለመዳችሁት በላይ ጊዜና ጋዝ ይበላል። ለዚህ ነው የአካባቢው ሰው መንገድ ሲወጣ ጭኮ የሚይዘው፤ እሳት አይፈልግም፣ ኃይል አለው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮም ይረዳሉ። የምትይዙት በትንሽ ቆርቆሮ የሚመጣ ጋዝ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን እዩ። ቢውቴን ብቻ ከሆነ ብርድ ሲበረታ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት በደንብ አይለወጥም፤ ጠዋት ምድጃው ሊደክም ይችላል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል። ቆርቆሮውን አንድ ሌሊት ውጭ አሳድራችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አንድ ሊትር ውሃ አፍሉበት፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀና ምን ያህል ጋዝ እንደሄደ ያዙ። የራሱ የምድጃው ጥርስ ከቆርቆሮው ጋር መግጠሙንም ያኔ ታዩታላችሁ። በአውሮፕላን ወደ ሮቤ ለመሄድ ካሰባችሁ የጋዝ ቆርቆሮ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው። እንጨት ለቅመን እናነዳለን ብላችሁም አትቁጠሩ። በበጋ የባሌ አስታ ቁጥቋጦ እንደ ክብሪት ነው የሚይዘው።

ድንኳን ውስጥ ምንም ነገር አታንድዱ፦ ጋዝም፣ ላምባም፣ በተለይ ከሰል። ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው ሲተኙ ምን እንደሚሆን ሁላችንም ሰምተናል። ድንኳን ከዚያ ቤት የጠበበ ነው። መርዙ ሽታ የለውም፣ አያስነሳም።

ከትናንሽ ዕቃዎች ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ባትሪያችሁን እስኪጠፋ ድረስ አብርታችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ፤ ብርድ ደግሞ ድንጋዩን ቶሎ ያደክመዋልና ትርፍ ያዙ፣ ማታ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር። ውሃ የምታጣሩበት ቀጫጭን ቱቦ ያለው ማጣሪያ ከሆነ፣ አንዴ ከረጠበ በኋላ በረዶ መሥራት የለበትም። ከበረደ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ አይታይም፣ ውሃውም እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ጀርሙን ግን አይዝም። እሱም አብሯችሁ ይተኛ። ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ከያዛችሁ ደግሞ በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ከተለመደው በላይ ጊዜ ስጡት።

የፈተናው ሌሊት እንዴት ይሁን? መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ በቀን ሁለቱንም ድንኳኖች ተክላችሁ ዕቃውን ቁጠሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ የጋራው ግቢ ይበቃል፤ ሲሚንቶ ላይ ካስማ አይገባምና ገመዱን ውሃ በተሞላ ጀሪካን ላይ እሰሩ። ከዚያ በሌላ ቀን ከፍ ወዳለ ቦታ ሄዳችሁ እደሩ። ለአዲስ አበባ ሰው የእንጦጦ ጀርባና መናገሻ ሱባ ደን አሉ፤ ከጠባቂዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ብቻ። ድንኳኑን ከጨለመ በኋላ፣ ጓንት አድርጋችሁ ትከሉት። ራታችሁን በዚያው ምድጃ አብስሉ። ባሌ ላይ የምትለብሱትን ለብሳችሁ ተኙ። ሌሊት ብርድ ከቀሰቀሳችሁ ወደ መኪና አትሩጡ። በየት በኩል እንደበረዳችሁ አስተውሉ፤ ከጀርባ ከሆነ ምንጣፉ ነው፣ ከደረትና ከእግር ከሆነ ስሊፒንግ ባጉ ነው፣ ከአንገት ከሆነ ማሰሪያውን አልሳባችሁም።

ውጤቱን ስትመዝኑ ልዩነቱን አትርሱ። 3,000 ሜትር ላይ ያለው ሌሊት ከሳነቴ ስድስት ሰባት ዲግሪ ይሞቃል። እዚያ ሹራቡን ሁሉ ደርባችሁ ለጥቂት ያደራችሁ ከሆነ፣ ሳነቴ ላይ አታድሩም። እዚያ አንድ ልብስ ለብሳችሁ ሞቋችሁ ከተኛችሁ፣ ለባሌ ተዘጋጅታችኋል።

ይህ ሌሊት የማይፈትነው ነገርም አለ፤ እሱ እናንተ ናችሁ። ከፍታ ጠንካራውንና ደካማውን አይለይም። የመጀመሪያውን ሌሊት ድንሾ እደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ ከተጨመረ ወደ ላይ መሄድ ይቁም። እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ከመካከላችሁ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ካለ ቀድሞ ሐኪም ያማክር። ይህንን የሚተካ ዕቃ የለም።

የኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። የፈተናውን ሌሊት እስከ ታኅሣሥ 10 ድረስ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ጥምቀት እስኪደርስ አንድ ወር ይቀራል፤ የጎደለውን ለመግዛት፣ ለመከራየት ወይም ከሰው ለመዋስ ይበቃል። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት የሚደረግ ፈተና ጭንቀት ብቻ ነው የሚያተርፈው። አንድ ሌሊት ያላደረ ዕቃ ፈረስ ላይ አይጫን። ስሊፒንግ ባጉና ምንጣፉ ፈተናውን ካላለፉ፣ ሌላ ማግኘትም ካልቻላችሁ፣ ዕቅዱን ቀይሩ፦ ድንሾ ቤት ውስጥ እያደራችሁ በቀን ውጡ። የደጋ አጋዘኑን እዚያው ድንሾ ታዩታላችሁ፤ ለቀይ ቀበሮ ሳነቴን በመኪና ደርሶ መመለስ ይቻላል።

የሰባት ዓመቱን ጫማ ግን ለዚያ ሌሊት አታቆዩት። ዛሬ ማታ ከሣጥኑ አውጡትና ሶሉን በአውራ ጣት ተጫኑት።